የበሶብላው ፈተና

አባቴን ሰፈሩ በሙሉ «አፍንጫው» እያለ ነበር የሚጠራው። ስሙ የወጣለት አፍንጫው ትልቅ ስለሆነ አይደለም፤ ትንሽ ነበር ማለቴም አይደለም። ቅመም ቤት ውስጥ ቀማሚ ነበር። አንድ ቁንጥር ዱቄት አንስቶ ወደ ፊቱ ካስጠጋ በኋላ ቅርንፉዱ እንደበዛ፣ ድንብላሉ የአምና እንደሆነ፣ ቀረፋው ከየትኛው ጆንያ እንደተቀዳ ይናገራል። ሴቶች ከሌላ ሱቅ የገዙትን ሳይቀር በወረቀት ጠቅልለው መንገድ ላይ ያስቆሙታል። «እስቲ እየው፣ ተታልያለሁ?» ሲሉት አሽትቶ ፍርዱን ይሰጣል። የተከራከረውን ሻጭ ደግሞ «እንግዲያው አፍንጫህን ላስ» ብሎት መንገዱን ይቀጥላል። እኔም የእንዲህ ያለ አፍንጫ ልጅ በመሆኔ ትምህርት ቤት ውስጥ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

ገና ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴን ከባድ ጉንፋን አልጋ ላይ ጣለው። ዳነና ተነሣ። ሁሉ ነገሩ ደህና ነበር፣ ከአፍንጫው በቀር። አፍንጫው ፊቱ ላይ እንደነበረ ነው፤ ሥራውን ግን ትቷል። ይህን የማውቀው ዛሬ ነው። ያኔ ያየሁት አባቴ ዝምታ ማብዛቱንና እናቴ ድስት እያጠበች በድንገት ማልቀሷን ብቻ ነበር። «አፍንጫን ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል» ይባላል። በእኛ ቤት አፍንጫው የአባቴ፣ ዓይኑ የእናቴ ነበር።

የማያሸት ቀማሚ ጣት እንደሌለው ልብስ ሰፊ ነው። ባለሱቋ ከሰሙ ሌላ ሰው ያመጣሉ፤ አባቴ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ሥራ ሞክሮ አያውቅም። ስለዚህ ለማንም አልተነገረም። እኔም «ለማንም» ከተባሉት አንዷ ነበርኩ።

የምንኖረው ከብስክሌት ጠጋኝ ሱቅ በላይ በነበሩ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነበር። ታች ጎማ ሲነፋ የእኛ ብርጭቆዎች መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ። የፊተኛው ክፍል አንድ ሰፊ መስኮት ነበረው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ገብታ እስከ ጠረጴዛው እግር ድረስ ትደርሳለች። እናቴ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነበረች። ማታ ስትመጣ እጆቿ እንደ ካውያው ይሞቃሉ፤ ቀሚሷ ላይ የሳሙናና የእንፋሎት ሽታ አለ። እኔ ሽታ የሚባል ነገር መለየት የጀመርኩት ከእሷ ጉያ ነው።

አንድ ቀን አባቴ ከሥራ ሲመለስ ከኪሱ ትንሽ የወረቀት ጥቅል አወጣ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከቁንጫ ያነሱ ጥቋቁር ፍሬዎች ነበሩ።

«ምንድን ነው፣ አባዬ?»

«የበሶብላ ዘር።»

«ሱቅ ጆንያ ሙሉ በሶብላ አለ አይደል እንዴ?»

«ያ ደረቁ ነው፣ ሚጣ። እኔ የምፈልገው ገና ያልተወለደውን ነው» አለኝ።

የትልቅ ሰው ቀልድ መሰለኝና ሳቅኩለት። ቀልድ አልነበረም። ያከመው የአንገት በላይ ሐኪም፣ ሽታው ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል፣ እስከዚያው ግን በየቀኑ አንድ ነገር እያሸተተ አፍንጫውን እንዲያለማምድ ነግሮት ነበር። ችግሩ አባቴ የሱቁን ቅመም ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ቀረፋ አፍንጫው ስር ሲይዝ የቀረፋ ትዝታ ይመጣበታል። «እያሸተትኩ ይሁን እያስታወስኩ መለየት አቃተኝ» ብሎኛል ካደግኩ በኋላ። በሶብላ ግን ዕድሜውን ሙሉ ደርቆና ጆንያ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያገኘው። ከእርጥቡ ቅጠል ጋር ትውውቅ አልነበራቸውም።

ታዲያ ይህ ቅመም አዋቂ አባቴ ዘሩን ምን ቢያደርገው ጥሩ ነው? መጥበሻ አወጣና ገሚሱን ጨምሮ እሳት ላይ ጣደው። «ዘር ሳይሞቅ አይነቃም» አለኝ፣ ትምህርት እንደሚሰጥ ሰው ጣቱን አንስቶ። በእነሱ ሙያ እውነት ነው፤ እጁ የገባውን ፍሬ ሁሉ ከመውቀጡ በፊት ሞቅ ያደርገዋል፣ ሽታው እንዲወጣ። እጁ ከዚያ ሌላ ልማድ አያውቅም። እኔ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ መጥበሻውን ሲያወዛውዝ አያለሁ።

«አባዬ፣ አረረ እኮ!»

መጥበሻውን አየ። እኔን አየኝ። እንደገና መጥበሻውን አየ።

«አረረ?»

«ሸተተኝ።»

እሳቱን አጠፋ። ከዚያ «ግዴለም፣ ትንሽ ነው» ብሎ ዘሩን እንዳረረ ዘራው። የዘይት ጣሳ ቆርጦ፣ ከስሩ በምስማር በስቶ፣ አፈር ሞልቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ጠበቅን። ጠበቅን። ጣሳው አፈር ሆኖ ቀረ።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ ወገቧን ይዛ ቆመች። «የሚዘራ ዘር ይታመሳል እንዴ፣ አንተ ሰው? ምነው ጨውስ አልነሰነስክበትም? ለቁርስ እናደርገው ነበር!»

አባቴ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነበር። እናቴም አብራው ሳቀችና መሳቋ ወደ ሌላ ነገር ሲቀየር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ የሳቅ እንባ ነው ብዬ አለፍኩት። ድሮ ጭስ ሳይታይ ማረሩን የሚያውቅ ሰው ገዛ እጁ ውስጥ ያረረውን ከልጁ አፍ ነበር የሰማው። ዛሬ ሳስበው «አረረ» ያልኩት ነገር ነው በአፍንጫው ፈንታ ሥራ ያስቀጠረኝ።

የቀረው ገሚስ ዘር እሳት አላየም። አፈሩን ግን አባቴ በእናቴ ወንፊት ነፋው። «ወንፊቴን!» ብላ ብትጮህም እሱ የቅመም ቅልቅል የሚያዘጋጅ ይመስል ደጋግሞ ነፍቶ እንደ ዱቄት አደረገው። ዘሩን በተነና በላዩ ስስ አፈር ብቻ አለበሰው። ውሃ በጣሳ ቢፈስበት ዘሩ ወደ ጥግ ይሸሻል ብላ እናቴ ከላውንደሪው የውሃ መርጫ ተውሳ መጣች፤ ልብስ ሲተኮስ ጨርቁን የሚያረጥቡበት ነው። ያን መርጫ የመያዝ ሥልጣን ለእኔ ተሰጠኝ። ብናኙ ሲያርፍባቸው ከላይ የቀሩት ፍሬዎች ግራጫ ዝልግልግ ልብስ ለበሱ።

«አባዬ፣ ዓይን አወጡ!»

ጎንበስ ብሎ አየና «ምን ይላል?» አለኝ። ቅመም ቤት ሽታ እንዲህ ነው የሚጠየቀው።

«ምንም አይልም። ጭቃ ነው።»

«ጭቃው ምን ይላል?»

ፈተናው ያኔ ተጀመረ። ፈተና ነው ብዬ የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ማንም ፈተና ነው አላለኝም።

ከቀናት በኋላ አፈሩ ተሰነጠቀና ጥቃቅን ቡቃያዎች ብቅ አሉ። እያንዳንዱ ሁለት ቅጠል ነበረው፤ ለሁለት የተከፈለ የሸሚዝ ቁልፍ ጀርባ ለጀርባ የተቀመጠ ይመስላል። ሲጠባበቡ አባቴ ደካሞቹን መንቀል ጀመረ። ለተነቀሉት አለቀስኩላቸው። እሱም እያንዳንዷን መዳፌ ላይ እያስቀመጠ «ምን ትላለች?» ይለኛል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሣር ሣር ነበር የሚሉት። ጠርዛቸው ጥርስ ጥርስ ያለው ትክክለኛዎቹ ቅጠሎች ሲመጡ ግን ነገሩ ተለወጠ። በሁለት ጣት አሸት ሲደረጉ ክፍሉን በመዓዛ ይሞሉት ነበር።

«ቅርንፉድ» እላለሁ። «ግን እርጥብ ቅርንፉድ።»

«ቀጥዪ።»

«ከኋላው ሎሚ አለ። ልጣጩ። ከዚያ ደግሞ... እማዬ ካውያውን ልብሱ ላይ መጀመሪያ ስታሳርፍ እንደሚወጣው።»

«ቀጥዪ» ይላል፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

ልክ ነሽ አይልም። ተሳስተሻልም አይልም። ትምህርት ቤት አስተማሪያችን ቀይ እስክሪብቶ ነበራት፤ ልክ ከሆነ ልክ፣ ካልሆነ ኤክስ። አባቴ ግን በየጠዋቱ ቅጠል አሽቶ፣ አሽትቶ፣ ለእኔ ሰጥቶ፣ ጠይቆኝ፣ ሰምቶኝ፣ ሳያርመኝ ወደ ሥራው ይሄዳል። «ልክ ነኝ?» ስለው ራሴን ይደባብሰኛል። መደባበስ ደግሞ ማርክ አይሆንም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቅመም ቤት ይዞኝ ይሄዳል። ከኋላ በኩል የቀረፋ ጆንያ ላይ እቀመጣለሁ። አባቴ ከእያንዳንዱ ቅልቅል ቁንጥር እያመጣ መዳፌ ላይ ያደርጋል። «ምን ይላል?» ይለኛል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቅርንፉዱ ይጮሃል» እላለሁ፤ ሄዶ ድንብላል ይጨምራል። «ይሄ አቧራ አቧራ ይላል» እላለሁ፤ ጆንያውን ወደ ጥግ ያዞረዋል። እኔ ሙያ እየተማርኩ ነበር የመሰለኝ። ለካ ያን ወራት የከተማው ሰው ድስት ውስጥ የሚገባውን ቅመም የምትቀምመው ጥርሷ ገና የሚወልቅ ልጅ ኖራለች።

ባለሱቋ ወፍራም አሮጊት ነበሩ፤ ወገባቸው ላይ የታሰረው የቁልፍ ዘለላ ከእሳቸው ቀድሞ ይሰማል። አባቴ «እትዬ» ይላቸዋል፣ እኔ «እማማ»። «ልጅቷ አፍንጫህን ወረሰች» ብለው ጉንጬን ቆንጠጥ ሲያደርጉኝ አባቴ ይስቃል። ሳቁ ደረቅ ነበር፤ እኔ ያየሁት ግን የራሴን መመስገን ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ጫማዬን እያሠርኩ ከውስጠኛው ክፍል ሲነጋገሩ ሰማሁ። ጆሮዬን አቆምኩ።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ትላለች እናቴ። «አንተ ግን ኑሯችንን በሙሉ እሷ ላይ ጭነሃል። ብትሳሳትስ?»

«እስካሁን አልተሳሳተችም።»

«በምን አወቅክ?»

ቅስሜ ተሰበረ። ገዛ እናቴ ጎበዝ መሆኔን የምትጠራጠር መሰለኝ! ከዚያን ቀን ጀምሮ ልምምድ አበዛሁ፤ ትራስ አሸተትኩ፣ ደብተር አሸተትኩ፣ የአስተማሪዬን ካፖርት ከተሰቀለበት ሄጄ አሸትቼ ተቆጣችኝ። የእናቴ ጥያቄ ግን እኔን የሚመለከት አልነበረም። አባቴ በሚያውቀው ነገር ሁሉ ላይ የተጋረደውን መጋረጃ ነበር በሁለት ቃል የጠቆመችው።

በሶብላው በረታ። አባቴ ጫፉን በጥፍሩ ቀነጠሰው። «ገደልከው!» ብዬ ስጮህ፣ ከተቀነጠሰበት በታች በግራና በቀኝ ሁለት ቅርንጫፍ እንደሚያወጣ ነገረኝ፤ አወጣም። ጣሳው እየሞላ መስኮታችን አረንጓዴ ሆነ። ብስክሌት ጠጋኙ ከታች አንጋጦ «እናንተ ቤት ምን ቢሠራ ነው እንዲህ የሚያውደኝ?» ይላል። አባቴ ይህን ሲሰማ ከመስኮቱ ዞር ይላል። ታች ያለው ሰው የሸተተውን እሱ አጠገቡ ቆሞ አጥቶታል።

አንድ ቅዳሜ እማማ ቁልፋቸውን እያቃጨሉ ወደ ኋላ መጡ።

«የሚመጣው ቅዳሜ ትልቁ ደንበኛ ራሱ ይመጣል» አሉት አባቴን። «ባለፈው የወሰደውን አልወደደውም። ዓይኑ እያየ ነው የምትቀምምለት። ልጅቷን ደግሞ ያን ቀን ቤት ተዋት፤ የጨዋታ ቀን አይደለም።»

የአባቴ እጅ ጆንያው ውስጥ እንደገባ ቀረ። «እሺ፣ እትዬ» አለ።

እኔ ተባረርኩ ማለት ነው። ያለፈውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ፈተናውን ወድቄያለሁ፤ አባቴ ሊነግረኝ አፍሮ ነው። ወደ ቤት ስንሄድ መንገዱን በሙሉ እጄን ከወትሮው አጥብቆ ይዞት ነበር። ያን ሳምንት በየጠዋቱ ቅጠሉን እሱ ራሱ ደጋግሞ ያሸታል፤ ይህን አፍንጫውን ደፍኖ በዚያኛው፣ ያንን ደፍኖ በዚህኛው። ከዚያ ትከሻው ወረድ ይላል። እናቴ ቁርስ ስታቀርብ እንኳ አታወራም። ሁሉም በእኔ የተቀየሙ መሰለኝ፣ እኔም ተቀየምኩ።

ዓርብ ጠዋት እንደገና መስኮቱ ዘንድ ጠራኝ። ፀሐይ ጠረጴዛው እግር ላይ ደርሳለች። ቅጠል ቆረጠ፣ አሸው፣ አሸተተ፣ ሰጠኝ።

«ምን ይላል፣ ሚጣ?»

ልክ ስል ልክ የማይባልልኝ ከሆነ ብሳሳትስ ማን ይጎዳል? ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ሳሙና» አልኩት።

«ቀጥዪ» ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ሌላ ቅጠል ቆረጠና አሽቶ አሸተተ።

«ምን አልሽ?»

«ሳሙና። የልብስ ሳሙና።»

«አይደለም» አለ በጣም ቀስ ብሎ።

«ነው!»

«አይደለም፣ ሚጣ። ተሳስተሻል።» ከዚያ ብርጭቆዎቹ እስኪንጫጩ ድረስ ጮኸ፤ «ተሳስተሻል! አንቺ፣ ነይ! ነይ እንጂ! ልጅሽ ተሳሳተች!»

እናቴ ለሥራ ስትዘጋጅ ነበር፤ አንድ እግሯን ተጫምታ አንዱን በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች። «ምን ሆነች?»

«ሳሙና ትላለች! ሳሙና አይደለም!»

እናቴ በሩ ላይ ቆመች። ጫማው ከእጇ ወደቀ። «በምን አወቅክ?» አለችው።

«ሸተተኝ» አለ አባቴ። «ትንሽ ነው፣ ከሩቅ ነው፣ ግን ሸተተኝ።»

እናቴ እልል አለች፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አባቴ አንስቶ ታቀፋት፤ በአንድ ጫማ እያነከሰች አሽከረከራት። ልጃቸው ተሳስታ ወላጆቿ ይጨፍራሉ! እንዲህ ያለ ጉድ የት ይታያል? መሬት ላይ ተንከባልዬ አለቀስኩ። አባቴ ብድግ አድርጎኝ ፊቴን ሳመ፤ ጢሙ እርጥብ ነበር።

«ምን ሆነሻል፣ የኔ እመቤት? ለምን ታለቅሻለሽ?»

«ወደቅኩ!» አልኩት።

እንደወደቅኩ ሲያውቁ ይባስ ሳቁ።

በማግስቱ አባቴ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ የበሶብላ ቅጠል ከቶ ብቻውን ሄደ። እናቴ ሥራ አልገባችም፤ መስኮቱ ላይ ሆና መንገዱን ስታይ ዋለች። ሲመለስ ከሩቅ እጁን አነሣላት፤ እሷም መጋረጃውን ጨብጣ «ተመስገን» አለች። ገሚሱን ባፍንጫው፣ ገሚሱን በዓይኑና በጣቱ፣ የቀረውን በልማዱ ቀምሞ ኖሯል። ደንበኛው ወደደው። አባቴ እስኪያረጅ ድረስ እዚያው ሠራ፤ ማሽተቱ ቀስ በቀስ ተመለሰለት፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልተመለሰም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጆንያዬ ስመለስ እማማ አልከለከሉኝም።

እኔ ግን ቂሙን ይዤው አደግኩ። ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ሥራ ይዤ፣ አንድ ቀን ስንጫወት ለእናቴ፣ «የሳሙናዋን ቀን አልረሳሁላችሁም» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና «እስከ ዛሬ አታውቂም እንዴ?» አለች። ያን ቀን ነው ሁሉንም የነገረችኝ። ሰምቼ ስጨርስ ተነሥቼ ወደ አባቴ ሄድኩና አቀፍኩት። እሱ ጋዜጣ እያነበበ ስለነበር ምን እንደነካኝ አልገባውም።

አሁን በየዓመቱ መስኮቴ ላይ በሶብላ እዘራለሁ፤ እናቴ በየዓመቱ «አልታመሰም አይደል?» ብላ ትጠይቀኛለች። ሲደርስ አንድ ጣሳ ይዤላቸው እሄዳለሁ። አባቴ ቅጠል ያሻል፣ ያሸታል፣ ለእኔ ይሰጠኛል። «ምን ይላል?» ይላል። «ሳሙና» እላለሁ። ቃሉን ከአፌ ነጥቆ «ተሳስተሻል!» ይላል። በቤታችን ከዚህ የሚጣፍጥ ቃል የለም።

ዘንድሮም ሄድኩ። አባቴ አርጅቷል፤ ቅጠሉን ለመቁረጥ ጣቱ ግንዱን ፈልጎ ነው የሚያገኘው። አሸው። አሸተተው። ይህን አፍንጫውን ደፍኖ በዚያኛው አሸተተ፤ ያንን ደፍኖ በዚህኛው። ትከሻው ወረድ ሲል አየሁ። ያን ትከሻ አውቀዋለሁ።

«ምን ይላል፣ ሚጣ?» አለኝ።

እውነቱን ልነግረው ነበር። አፌ ግን የለመደውን አወጣ። «ሳሙና።»

ቅጠሉን መዳፉ ላይ አገላበጠው።

«ተሳስተሻል» አለ።

እናቴ ከወንበሯ ቀና አለች። ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። «በምን አወቅክ?» አለችው በለሆሳስ።

«ልጄ ስትዋሽ አውቃታለሁ» አለ አባቴ።

ማናችንም አልሳቅንም። ቅጠሉን ከመዳፉ ላይ አነሣሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ቅርንፉድ ነው፣ አባዬ» አልኩት። «እርጥብ ቅርንፉድ። ከኋላው ሎሚ አለ፣ ልጣጩ።»

ዓይኑን ጨፈነ።

«ቀጥዪ» አለኝ።